ምዕራፍ ስድስት፦ ድራይቨሩ የት ይቀመጥ?

የተሰነጠቀ የስልክ ስክሪን ሊያስቀይር ጥገና ቤት የሚገባ ሰው በዋጋ ይከራከራል፤ ኦሪጅናል መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል፤ ተቀይሮ ሲሰጠው በጣቱ ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ ይሞክረዋል። በዚህ ረገድ መርካቶም የቤርሼቫ አሮጌው ከተማም ያው ናቸው። ስክሪኑ ሲነኩት ከሠራ ሒሳብ ተከፍሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን በዚያችው ቤርሼቫ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ ብለን በምናውቃት የኔጌቭ ከተማ፣ አራት የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደንበኛ የማይጠይቀውን ጠየቁ። አዲሱ ስክሪን ለስልኩ ውሸት ቢነግረውስ?

ኦመር ሽዋርዝ፣ አሚር ኮኸን፣ አሳፍ ሻብታይና ዮሲ ኦረን ጥያቄያቸውን በሁለት ዕቃዎች ላይ ሞከሩት። አንዱ ሁዋዌ ለጉግል የሠራው ኔክሰስ 6ፒ ስልክ ነበር፤ ሌላው ኤልጂ ጂ ፓድ 7.0 የተባለው ታብሌት። ከእያንዳንዱ ስክሪን ጋር የንክኪ መቆጣጠሪያ ቺፕ አብሮ ይመጣል፤ የስልኩን የሠራው ሲናፕቲክስ ነው፣ የታብሌቱን አትሜል። ቺፑ ጣት የት እንዳረፈ ያሰላና አይ-ቱ-ሲ በሚባሉ ሁለት ቀጫጭን የመልእክት መስመሮች ለዋናው ፕሮሰሰር ይነግራል። ተመራማሪዎቹ የንክኪ መቆጣጠሪያውን በሙቅ አየር ከዋናው ቦርድ አላቀቁት። ከሥሩ የወጡትን የመዳብ ነጥቦች በቫርኒሽ በተሸፈነ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በየዱና ከራሳቸው ቺፕ ጋር አገናኙዋቸው። ከተጠቀሙባቸው ቺፖች አንዱ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ በአርዱዊኖ ቦርድ ላይ የሚያውቀው ኤቲሜጋ 328 ነው። የጠቅላላው ዕቃ ዋጋ ከ10 ዶላር በታች ነበር።

ያ ትንሽ ቺፕ በሁለቱ መስመሮች መካከል ተቀምጦ የሚያልፈውን ሁሉ አዳመጠ፤ ሲፈልግም በራሱ ተናገረ። ማንም ሳይነካው ስክሪኑ እንደተነካ አድርጎ ለፕሮሰሰሩ አወራ። አፕሊኬሽን አስጫነ፣ ፎቶ አስነሥቶ በኢሜይል አስላከ፣ ተጠቃሚው ስልኩን የሚከፍትበትን የጣት ምልክት ቀዳ። ይህ ብቻውን ያስደነግጣል፤ ከዚህ ምዕራፍ ጋር የተያያዘው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ስልኩ ሲነሣ የንክኪው ድራይቨር ቺፑን «ምን ምን ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የቤርሼቫዎቹ ቺፕ ድራይቨሩ ለመልስ ካዘጋጀው የማስታወሻ ቦታ የሚበልጥ የተዛባ መልስ ሰጠ። ድራይቨሩ መጠኑን ሳይፈትሽ ተቀበለው። የሞላው መልስ ከቦታው ፈስሶ በአጠገቡ ያለውን አበላሸ፤ በዚያ በኩል ተመራማሪዎቹ የስልኩን ከርነል ተቆጣጠሩት። ከርነሉን የያዘ ሰው ደግሞ ስልኩን በሙሉ ይዟል።

ለዚህ ሁሉ በር የከፈተው በአንድ ድራይቨር ውስጥ የነበረ ጥቂት ኮድ ነው። ድራይቨር ምን እንደሆነ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያመጣውና ማን እንደሚለውጠው የሚወስኑ ሰዎች ውሳኔያቸውን የሚያስተላልፉት በአንዲት ፊደል ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ ይህቺን ፊደል አይቷት አያውቅም። ብዙ ቦርድ ሠሪዎችም ቺፕ ሻጩ በላከላቸው ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ያገኟትን እንዳለች ትተው ያልፋሉ፤ ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ይህ ልማድ ብዙ ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው።

የፊደሏ ጉዳይ

ከርነል የአንድ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ሁሉ የሚቆምበት ሥር ነው። ማስታወሻን ያከፋፍላል፣ ፕሮግራሞችን በተራ ያሠራል፣ ከቺፖች ጋር ይነጋገራል። ከአንድ ከተወሰነ ቺፕ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር የሚያውቀው የኮድ ክፍል ድራይቨር ይባላል። ስልክ፣ የዋይፋይ ራውተር፣ የደህንነት ካሜራ፣ የመኪና ስክሪን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ነው። መጀመሪያ አካባቢ የሊኑክስ ድራይቨሮች በሙሉ ከከርነሉ ጋር አንድ ላይ ኮምፓይል ተደርገው አንድ ፋይል ይሆኑ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ግን ድራይቨርን ለብቻው በተለየ ፋይል አስቀምጦ፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ መጫንና ማውረድ የሚቻልበት መንገድ መጣ። እንዲህ ያለው ፋይል ሞጁል ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ከርነሉን የሚያዘጋጅ ሰው ፊት በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት ማዋቀሪያ ይቀርባል። በአብዛኛው ድራይቨር አጠገብ ከሦስት ፊደሎች አንዷ ትጻፋለች። «ዋይ» ከሆነች ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አንድ ሆኖ ይሠራል፤ ከእርሱ ጋር ይነሣል፣ ከእርሱ ጋር ይጠፋል። «ኤም» ከሆነች ሞጁል ሆኖ ዲስኩ ላይ ለብቻው ይቀመጥና ሲፈለግ ይጠራል። «ኤን» ከሆነች ጭራሽ አይኖርም።

ጠረጴዛ ላይ ያለ ኮምፒውተር ባለቤት ስለዚህ ምርጫ ብዙም አይጨነቅም። ኡቡንቱን የመሰለ ሲስተም የሚያዘጋጁት ሰዎች ደንበኛቸው የትኛውን ካርድ እንደሚሰካ አያውቁም። ስለዚህ ሁሉንም ማለት ይቻላል ሞጁል አድርገው ዲስኩ ላይ ይቆልሉታል፤ ኮምፒውተሩ ያገኘውን ቺፕ መለያ አንብቦ የሚስማማውን ብቻ ይጭናል። ለአንድ ሥራ በተሠራ ቦርድ ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ ሠሪው እያንዳንዱን ቺፕ በስሙ ያውቀዋል፤ ምን መቼ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ስለዚህ ምርጫው የእርሱ ነው፤ ጥፋቱም እንዲሁ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ከቤርሼቫ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሐጸሪም ኪቡትዝ አለ። በጠብታ መስኖ ዓለምን ያዳረሰው ኔታፊም በ1965 የተመሠረተው እዚያ ነው። ዛሬ በበረሃ እርሻ ላይ ቫልቭ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ የአፈሩን እርጥበት የሚያነብ ትንሽ ኮምፒውተር ማግኘት ብርቅ አይደለም። የማንም ያልሆነ፣ እኛ የምንሠራው አንድ የመስኖ መቆጣጠሪያ ቦርድ አለን እንበል። ሊኑክስ ይሠራበታል። ቋሚ ማከማቻ ቺፕ፣ የሞባይል ኔትወርክ ሞደም፣ የእርጥበት መለኪያዎች፣ የቫልቭ ማዘዣ መስመሮች፣ እንዲሁም ሲስተሙ ሲደርቅ ቦርዱን እንደገና የሚያስነሣ የጥበቃ ሰዓት ቆጣሪ አሉት። ቦርዱ ከመንገድ ርቆ በሚገኝ እርሻ ላይ ይተከላል። መብራት ሲሄድ ይጠፋል፣ ሲመጣ በራሱ መነሣት አለበት፤ አጠገቡ የሚቆም ባለሙያ የለም።

ከማከማቻው እንጀምር፤ ጀማሪዎች ሁሉ የሚወድቁት እዚህ ነው። ሞጁሎች የሚቀመጡት ማከማቻው ላይ ነው። የማከማቻውን ድራይቨር ራሱን ሞጁል ካደረግነው፣ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደቆለፈ ሰው እንሆናለን። ከርነሉ ይነሣል፤ ፋይሎቹን ሊያነብ ይፈልጋል፤ ለማንበብ ድራይቨሩ ያስፈልገዋል፤ ድራይቨሩ ያለው ሊነበብ ያልቻለው ማከማቻ ላይ ነው። ከርነሉ ዋናውን የፋይል ሥርዓት ማግኘት አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። ባለሙያዎች ይህን ከርነል ፓኒክ ይሉታል። የፋይል ሥርዓቱ ዓይነት ድራይቨርም እንዲሁ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ቦርዱ አይነሣም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሁለቱንም «ዋይ» ማለት ነው። ሁለተኛው ከከርነሉ ጋር አብሮ ማስታወሻ ውስጥ የሚገባ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ ጊዜያዊ የፋይል ስብስብ አዘጋጅቶ አስፈላጊዎቹን ሞጁሎች እዚያ ማኖር ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ለመስኖ ቦርዳችን ግን የመጀመሪያው ይሻላል፤ ከመንገድ የራቀ ቦርድ ላይ ሊበላሽ የሚችል አንድ ተጨማሪ ነገር ባይኖር ይመረጣል።

የጥበቃ ሰዓት ቆጣሪውም ያለ ማመንታት «ዋይ» ነው። ሥራው ሲስተሙ ሲደርቅ ማዳን ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ ሞጁሎች ከመጫናቸው በፊትም ሊደርቅ ይችላል።

ሞደሙ ላይ ስንደርስ ሐሳቤ ይገለበጣል። ሞደም አስቸጋሪ ዕቃ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይደርቃል፤ አንዳንዴ ቢጠራም አይመልስም። ድራይቨሩ ሞጁል ከሆነ አንድ ቀላል ስክሪፕት ያወርደዋል፣ የሞደሙን ኃይል ያጠፋና ያበራል፣ መልሶ ይጭነዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቫልቮቹ ሥራቸውን አያቆሙም፤ ውኃው በሰዓቱ ይፈስሳል። ከከርነሉ ጋር የተዋሐደ ድራይቨር ግን በዚህ መንገድ ሊወርድ አይችልም። አንዳንድ ጊዜ መሣሪያውን ከድራይቨሩ ማላቀቅ ይቻላል፤ የድራይቨሩ ውስጣዊ ሁኔታ ከተበላሸ ግን ያለው መፍትሔ ቦርዱን በሙሉ አጥፍቶ ማስነሣት ነው። የእርጥበት መለኪያዎቹም ሞጁል ይሁኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ የሚገኘው መለኪያ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አንድ ትንሽ ፋይል መላክ ሙሉ ከርነል ከመላክ ይቀላል፤ በተለይ ሞባይል ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት።

እዚህ ላይ ሁሉንም «ዋይ» አድርጎ መገላገል የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ። አንድ ፋይል ብቻ ይኖራል፣ ምንም ነገር አይጠፋም ይላሉ። ከፊል እውነት አላቸው። ሞጁል ከተሠራለት ከርነል ጋር ካልተስማማ አይጫንም፤ እያንዳንዱ ሞጁል የተሠራለትን የከርነል ስሪት በውስጡ ይዟል። ከርነሉን አድሰው የሞጁሎቹን ፎልደር ማደስ የረሱ ሰዎች ቦርዳቸው ይነሣላቸዋል፤ ኔትወርክ ግን የለውም። ኔትወርክ የሌለውን ቦርድ ደግሞ ከሩቅ ማስተካከል አይቻልም፤ መኪና አስነሥቶ መሄድ ነው። ሁሉንም ያዋሐደ ሰው ይህ አይደርስበትም። የሚደርስበት ሌላ ነው። የዋይፋይ ቺፖች ብዙዎቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ፈርምዌር የሚባል የራሳቸው ፋይል ይፈልጋሉ። ፋይሉ ማከማቻው ላይ ነው። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ሲነሣ ማከማቻው ገና አልተከፈተም፤ ፈርምዌሩን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ተስፋ ይቆርጣል። ሁሉን አዋሐድኩ ያለው ሰው ዋይፋዩን አጥቶ ግራ ይገባዋል። ፈርምዌሩንም ከርነሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ድራይቨሩን ሞጁል ማድረግ በቂ በነበረ ቦታ ላይ ለምን?

ስለ ፍጥነትም ይከራከራሉ፤ እዚህ የሚሻለው የቦርዱን ሥራ መጠየቅ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራ አዲስ የቤት መኪና ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ የኋላውን ምስል በ2 ሰከንድ ውስጥ ማሳየት አለበት። እንዲህ ያለ ቦርድ የሚሠራ ሰው የካሜራውንና የስክሪኑን ድራይቨር ያዋሕዳል፤ ብሉቱዙንና ሙዚቃውን ሞጁል አድርጎ ምስሉ ከታየ በኋላ ይጭናል። ሁሉም ድራይቨር አንድ ላይ ቢነሣ እያንዳንዱ ቺፑን ሲፈልግና ሲፈትሽ የሚያጠፋው ጊዜ ይደማመራል። ስለ ማስታወሻ ቁጠባ የሚነገረው ግን ዛሬ ብዙም አያሳስብም፤ በጣም ትንሽ ማስታወሻ ካለው ቦርድ በቀር ልዩነቱ ኢምንት ነው።

አንድ ከባድ ጉዳይ ግን በፍጥነት አይታለፍም። አንዳንድ ቺፕ ሠሪ የድራይቨሩን ኮድ አይሰጥም። ኮምፓይል የተደረገ ሞጁል ብቻ ይልካል፤ ለአንድ የተወሰነ ከርነል ብቻ የተሠራ። የሊኑክስ ከርነል የውስጥ አሠራር ደግሞ ሆን ተብሎ በየስሪቱ ይለዋወጣል፤ የትናንቱ ሞጁል ለዛሬው ከርነል አይሆንም። ይህን ሞጁል የተቀበለ ቦርድ ሠሪ ከዚያ አሮጌ ከርነል ጋር ታሰረ ማለት ነው። ከርነሉ ላይ የደህንነት ቀዳዳ ተገኝቶ መጠገኛ ቢወጣም መውሰድ አይችልም፤ ከወሰደ ስክሪኑ ወይም ካሜራው ይጠፋል። ቺፕ ከመግዛታችሁ በፊት የድራይቨሩ ኮድ በዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

አጥር የሌለው ግቢ

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ እንመለስ። ግቢው ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ በ2013 ከተከፈተው የቴክኖሎጂ ፓርክ ጋር በእግረኛ ድልድይ ይገናኛል። ከተማዋ በሳይበር ደህንነት ስሟ የሚነሣው በዚህ ሰፈር ምክንያት ነው። እዚህ የተሠራው የስክሪን ሙከራ ብዙዎች በልባቸው ይዘውት የሚኖሩትን አንድ እምነት ያፈርሳል። ብዙዎች ሞጁል ለብቻው የተቀመጠ ፋይል ስለሆነ ሲሠራም ለብቻው ይመስላቸዋል። ሌሎች ደግሞ አብሮ የተሠራው ይበልጥ የታመነ ይመስላቸዋል፤ ማንም ሊቀይረው አይችልምና።

እውነታው ሞጁል አንዴ ከተጫነ በኋላ በሥልጣን አብሮ ከተሠራው ድራይቨር የሚለይበት ምንም ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ የማስታወሻ ግዛት ውስጥ ይሠራሉ፤ በመካከላቸው አጥር የለም። የንክኪ ድራይቨር ውስጥ ያለ ስህተት የማከማቻውን፣ የካሜራውን፣ የይለፍ ቃሉን ሁሉ ማስታወሻ ሊነካ ይችላል። እንደ ኪውኤንኤክስ ያሉ ሌሎች ሲስተሞች ድራይቨሮችን ከከርነሉ አውጥተው እንደ ተራ ፕሮግራም ያስኬዷቸዋል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይወድቅም። ሊኑክስ የመረጠው መንገድ ይህ አይደለም። ስለዚህ «ዋይ» ወይም «ኤም» ብሎ መምረጥ ድራይቨሩ መቼ እንደሚነሣና እንዴት እንደሚለወጥ ይወስናል፤ ምን ያህል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ግን አይወስንም።

ሞጁሎችን በሚመለከት የሊኑክስ ሰዎች ብዙ ጥበቃ ሠርተዋል። ሲስተሙን በከፍተኛ ሥልጣን የያዘ አጥቂ የራሱን ሞጁል ጭኖ ለዘለቄታው መደበቅ ይችላልና ስጋቱ እውነተኛ ነው። ከ2009 ጀምሮ፣ አስፈላጊዎቹ ሞጁሎች ከተጫኑ በኋላ በሩን እስከሚቀጥለው መነሣት ድረስ የሚዘጋ መቆለፊያ አለ። በ2012 መጨረሻ በወጣው 3.7 ስሪት ደግሞ ሞጁሎች በዲጂታል ፊርማ እንዲፈረሙ፣ ያልተፈረመም እንዳይጫን ማድረግ ተቻለ። የባሰ የሚጠነቀቅ ሰው ሞጁል የመጫን ችሎታውን ጭራሽ ከከርነሉ ያወጣዋል። የመስኖ ቦርዳችን ሞጁሎች ስላሉት ፊርማውን ማስገደድ አለብን፤ ይህን ሳያደርጉ ሞጁል መጠቀም በበረሃ መካከል በር ከፍቶ መሄድ ነው።

ነገር ግን የቤርሼቫዎቹ በዚህ በር አልገቡም። ምንም ሞጁል አልጫኑም፤ ምንም ፊርማ አልሰበሩም። በዚያ ዘመን የነበሩት የኔክሰስ ስልኮች ድራይቨሮቻቸው በአብዛኛው ከከርነሉ ጋር የተዋሐዱ ነበሩ። ጥቃቱ የመጣው ከዚያ ከተዋሐደው፣ ከታመነው፣ በፋብሪካ ከተፈረመበት ድራይቨር ነው። ድራይቨሩ ሥራውን ሠራ፤ ቺፑን ጠየቀ፣ መልሱን አመነ። ለምን አመነ? ቺፑ የስልኩ የራሱ አካል ስለሆነ። ዩኤስቢ ላይ ከውጭ የሚሰካን ዕቃ የሚጠራጠር ፕሮግራመር እንኳ በቦርዱ ላይ የተበየደውን ቺፕ አይጠራጠርም። የተመራማሪዎቹ ዋና ክርክር ይህ ነው፤ ስልኩ ለጥገና ሲከፈት ያ እምነት አብሮ ይከፈታል። በጽሑፋቸው መግቢያ የጠቀሱት የ2015 ጥናት እንደሚለው ከስልክ ባለቤቶች 21 በመቶው በዚያን ወቅት በተሰነጠቀ ስክሪን ይጠቀሙ ነበር። ስንት ስልክ እንደሚከፈት መገመት አያዳግትም።

መከላከያም አቅርበዋል። በንክኪው ቺፕና በዋናው ፕሮሰሰር መካከል ባለው መስመር ላይ የሚያልፈውን መልእክት የሚመረምርና የተዛባውን የሚያስቀር ርካሽ የሃርድዌር ማጣሪያ ሐሳብ ነው። እንደ እኔ ግን የመጀመሪያው መድኃኒት ከዚያ ይቀላል፤ ድራይቨሩ የተቀበለውን ቁጥር ከመጠቀሙ በፊት መፈተሽ አለበት።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሞርደኻይ ጉሪና ባልደረቦቹ በ2016 ያሳዩት ሌላ ሥራ እዚህ ላይ ቢነሣ ይጠቅማል። ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የሪልቴክ የድምፅ ቺፕ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበትን ቀዳዳ በሶፍትዌር ትእዛዝ ከድምፅ መውጫነት ወደ ድምፅ መግቢያነት መለወጥ ይችላል። የጆሮ ማዳመጫ ደግሞ በተፈጥሮው እንደ ማይክሮፎን ሊሠራ ይችላል። ማይክሮፎን የሌለው ኮምፒውተር አጠገብ የተወራው ነገር በተሰካው ማዳመጫ በኩል ሊቀዳ እንደሚችል አረጋገጡ። ቺፑ የሚችለው ነገር ሁሉ ድራይቨሩ ካልከለከለው ክፍት ነው።

ለኔክሰሱ ቀዳዳ ጉግል መጠገኛ አወጣ። በጁን 2017 የአንድሮይድ የደህንነት መግለጫ ላይ ሲቪኢ 2017-0650 በሚል ቁጥር የሲናፕቲክስ የንክኪ ድራይቨር ቀዳዳ ተመዝግቦ፣ ያገኙት የቤን ጉሪዮን ተመራማሪዎች በስማቸው ተመሰገኑ። ኔክሰስ 6ፒ የያዘ ሰው ከወርኃዊው ማሻሻያ ጋር መጠገኛውን አገኘ። የሌሎች ኩባንያዎች ስልክ የያዘ ሰው ግን ቺፕ ሠሪው፣ ከዚያም ስልክ ሠሪው፣ አንዳንዴም የቴሌ ኩባንያው በየተራ እስኪያሳልፉት መጠበቅ ነበረበት። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ከተዋሐደ አንዲት መስመር ለማረም ከርነሉ በሙሉ እንደገና መሠራት፣ መፈተሽና መላክ አለበት። በየስልኩ ያለው ከርነል ደግሞ የተለያየ ነበር። ጉግል ራሱ እንደጻፈው፣ በአንድ ስልክ ላይ ከሚሠራው የከርነል ኮድ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ከዋናው የሊኑክስ ከርነል ውጭ የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

የአንድሮይድ ሰዎች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ የፊደሏን ምርጫ በዓለም ትልቁ መጠን ያሳያል። አንድሮይድ 12 ከ5.10 ከርነል ጋር በ2021 ሲወጣ፣ ከርነሉን ራሱን ጉግል እንዲያዘጋጅ፣ የየኩባንያው ቺፖች ድራይቨሮችም ከእርሱ ተለይተው ሞጁል እንዲሆኑ ተወሰነ። ለሞጁሎቹም የማይለዋወጥ መገናኛ ተበጀላቸው፤ ከርነሉ ሲታደስ ሞጁሎቹ እንዳሉ እንዲሠሩ። በአንድ ወቅት «ዋይ» የነበረው የስልክ ዓለም በሰፊው ወደ «ኤም» ዞረ። የዞረበት ምክንያት ሞጁል ከተዋሐደ ድራይቨር የተሻለ ኮድ ስለሆነ አይደለም፤ መጠገኛ ወደ ሰው እጅ ቶሎ እንዲደርስ ነው። ይህ ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቦርድ የሚሠሩ ትናንሽ ድርጅቶችም ሊከተሉት ይገባል።

እስካሁን ድራይቨር ጽፎ ለማያውቅ አንባቢ፣ በቤርሼቫም ይሁን በባሕር ዳር ለሚማር፣ አንድ ነገር ልበል። በሞጁል ጀምሩ። እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ ርካሽ ቦርድ ላይ የሙቀት መለኪያ በአይ-ቱ-ሲ መስመር ሰክታችሁ የራሳችሁን ሞጁል ጻፉ። ኢንስሞድ በሚባለው ትእዛዝ ትጭኑታላችሁ፣ አርኤምሞድ በሚባለው ታወርዱታላችሁ፣ አርማችሁ እንደገና ትጭኑታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ቦርዱን ማጥፋት ሳያስፈልግ። ሲሠራላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ ጨምሩ። መለኪያውን አውጡና በቦታው አርዱዊኖ ሰክታችሁ የማይመስል ቁጥር፣ ከተጠበቀው በላይ የረዘመ መልስ፣ ባዶ መልስ ላኩበት። ድራይቨራችሁ ቦርዱን ሳያወድቅ ስህተት መሆኑን ካስታወቀ በኋላ ብቻ «ዋይ» ይሁን «ኤም» ብላችሁ ወስኑ።